ያውቁ ኖሯል? ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባቸው ተማሪዎች

በተፈጥሮ ቀለም የመለየት ችግር ያለባቸው ልጆች አብዛኞቹ ዓለምን በጥቁርና ነጭ አያዩም፤ በዋናነት የሚምታቱባቸው ቀይና አረንጓዴ ናቸው።

መንስኤ፦ ችግሩ በኤክስ ክሮሞዞም በኩል ይወረሳል። ወንዶች ያላቸው አንድ ኤክስ ብቻ በመሆኑ ከሴቶች ይልቅ በእነሱ ላይ ይበዛል፤ ወንድ ልጅ የሚወርሰውም ከእናቱ ነው። ከሰሜን አውሮፓ ተወላጆች መካከል ከ12 ወንዶች 1፣ ከ200 ሴቶች ደግሞ 1 ገደማ ይህ ችግር አለባቸው።

በክፍል ውስጥ፦ በጣና ዳርቻዋ ደልጊ ካርታ የሚያነብ እንዲህ ያለ ተማሪ ሰማያዊውን ሐይቅ በቀላሉ ያገኛል፤ የቆላው አረንጓዴና የደጋው ቡናማ ግን ሊመሳሰሉበት ይችላሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ቀይ ጠመኔም ሊደበዝዝበት ይችላል። ልጁ ከተወለደ ጀምሮ የሚያየው እንዲሁ ስለሆነ ችግሩን አይናገርም፤ ስህተቱም በስንፍና ሊቆጠርበት ይችላል።

ምርመራ፦ ጃፓናዊው የዓይን ሐኪም ሺኖቡ ኢሺሃራ በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ባለ ነጠብጣብ ሥዕል መመርመሪያ እስካሁን ይሠራበታል። ቁጥር ያልለዩ ሕፃናት በሥዕሉ ላይ ያለውን ቁጥር በማንበብ ፈንታ በነጠብጣቦቹ የተሠራውን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ይመረመራሉ።

መፍትሔ፦ ችግሩ ፈውስ ባይኖረውም ከዕድሜ ጋር አይባባስም። ነጭ ወይም ቢጫ ጠመኔ መጠቀም፣ የቀለሙን ስም በእርሳሶች ላይ መጻፍ፣ በካርታና በሥዕል ላይም ከቀለም ጎን ለጎን ጽሑፍ፣ ነጥብና ሰረዝ መጨመር ተማሪው ከጓደኞቹ እኩል እንዲማር ያስችለዋል።