የተገልጋይ አያያዝና የመዝገብዎ ጉዳይ፦ ለቦሌና ለለሚ ኩራ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

“የደንበኛ አያያዝ” የሚለው አነጋገር ከንግዱ ዓለም የተወሰደ ነው። ነጋዴ ደንበኛውን በቅጡ ካላስተናገደ ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሻገራል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተገልጋይ ግን የሚሻገርበት ሌላ በር የለውም፤ የልደት ምስክር ወረቀትም ሆነ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ የሚሰጠው በሕግ ሥልጣን የተሰጠው አካል ብቻ ነው። ስለሆነም የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ከነጋዴው የበለጠ እንጂ ያነሰ ሊሆን አይገባም። ቀድሞ “ባለጉዳይ” ይባል የነበረው ሰው ዛሬ “ተገልጋይ” መባሉ መልካም ነው፤ ይሁንና የስም ለውጥ ብቻውን ሰልፍ አያሳጥርም።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ክፍለ ከተሞች በተወሰዱ አካባቢዎች የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲቋቋም፣ የከተማዋ ክፍለ ከተሞች ቁጥር ከ10 ወደ 11 ከፍ ማለቱ ይታወሳል። በዚህም የተነሳ በርካታ ነዋሪዎች ቤታቸውን ሳይለቁ ክፍለ ከተማቸው ተቀይሯል። ቦሌ አራብሳ በስሙ ቦሌን ይዞ ቢቀርም የሚተዳደረው በለሚ ኩራ ሥር ነው። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ መሥሪያ ቤቶች አስቀድመው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ አለ፤ የሚንቀሳቀሰው መዝገቡ ነው ወይስ ሰውየው?

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ ዘመዱን ይዞ በሁለት ጽሕፈት ቤቶች መካከል ሦስት ቀን ተመላልሷል። አንደኛው “ፋይሉ እዚያ ነው” ሲል ሌላኛው “ገና አልተላከልንም” ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን አንድ ሠራተኛ ስልክ አንስቶ ጠየቀ፤ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ተቋጨ። ያንን ስልክ የመደወል ኃላፊነት ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ የመሥሪያ ቤቱ እንጂ የእናትየዋ አልነበረም።

የተገልጋይ ግንኙነት አያያዝ ሥርዓት የሚባለውም በመሠረቱ ይኸው ነው፦ ማን መጣ፣ መቼ፣ ምን ጠየቀ፣ ምን ተባለ፣ ጉዳዩ አሁን በማን እጅ ነው የሚለውን በአንድ ቦታ መዝግቦ መያዝ። ቦሌ ላይ ዋና መሥሪያ ቤቱን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ለተመላላሽ መንገደኞቹ በሼባማይልስ የአባልነት ቁጥር ሲሰጥ፣ መንገደኛው በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው እንዳይታይ ማድረጉ ነው። በመንግሥት አገልግሎትም ወደዚሁ የሚያመሩ እርምጃዎች ተጀምረዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ አንዱ ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት ደግሞ የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። ሆኖም ኮምፒዩተር የሚያሳየው ሠራተኛው ያስገባውን ብቻ ነው፤ የተሟላ መዝገብ በሌለበት የተዘረጋ ሥርዓት አሮጌውን እንግልት በአዲስ ስክሪን ከማሳየት አያልፍም።

ተገልጋዩ በበኩሉ ያለውን መብት ማወቅ ይጠቅመዋል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መንግሥትን ብቻ ሳይሆን የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮችን አስፈጻሚ አካላትም ይመለከታል። በአዋጁ መሠረት አስተዳደራዊ ውሳኔ በጽሑፍ ሊሰጥና ምክንያቱም ሊገለጽ ይገባል። ስለዚህ “አይሆንም” ሲባሉ “ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ” ማለትዎ ድፍረት አይደለም። በውሳኔው ካልተስማሙ መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ አካል ያመልክቱ፤ በዚያ ካልረኩ ጉዳዩን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማቅረብ ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም የአስተዳደር በደል አቤቱታዎችን ይቀበላል። አቤቱታው በቃል ሊቀርብ ስለሚችል መጻፍ የማይችል ሰው ወደኋላ ሊል አይገባም።

በተለይ በወሰን ለውጥ ክፍለ ከተማቸው የተቀየረ ነዋሪዎች ወደ ጽሕፈት ቤት ሲሄዱ የቀድሞውንና የአሁኑን ወረዳቸውን፣ የቤት ቁጥራቸውን፣ እንዲሁም ቀድሞ የተሰጣቸውን ማስረጃ ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘው ይቅረቡ። ማመልከቻ ሲያስገቡ ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን፣ የተቀበለዎትን ሠራተኛ ስምና የሥራ መደብ ይመዝግቡ። “ፋይልዎ ሌላ ጋ ነው” ከተባሉ ደግሞ የትኛው ጽሕፈት ቤት፣ የትኛው የሥራ ክፍል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የተላከበት ደብዳቤ ካለም ቁጥሩንና ቀኑን ይቀበሉ።