ወይራ በሸክም ሲሸጥ ማን ይከስራል?



ሁሌም የምናወራው ስለ ቡናና ስለ ሰሊጥ ነው። ዛሬ ግን ስለ እንጨት፣ ያውም ስለ ወይራ ልጻፍላችሁ። ነገሩ የእኔንም ኪስ ስለነካ ነው።

ሐረር ውስጥ ጠዋት በሸዋ በር ወይ በኤረር በር በኩል ያለፈ ሰው ያውቀዋል። ከዙሪያው ገጠር የሚመጡ እናቶች እንጨቱን በጀርባቸው አዝለው ወይ በአህያ ጭነው ይገባሉ። ገዢው «ሸክሙ ስንት ነው?» ይላል እንጂ «ምን እንጨት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ባህር ዛፉም፣ ግራሩም፣ ወይራውም አንድ ላይ ታስሮ በአንድ ዋጋ ይሄዳል።

እኔ ባለፈው ዓመት ለአንዲት ጠላ ጠማቂና ለሁለት ወተት ሻጮች የማጠኛ ወይራ ላቀርብ ተስማማሁ። ለአንድ ነጋዴ ከፍዬ ጭነቱን አስመጣሁ። አስፈልጬ ሳየው ከግማሽ በላይ ሌላ እንጨት ነው። አንደኛዋ ወተት ሻጭ «ጢሱ ወተቴን አመረረብኝ» ብላ መለሰችልኝ። የቀረውን በማገዶ ዋጋ ሸጥኩት። ጥፋቱ የኔም ነው፤ ሳላይ ከፍያለሁ።

ለመሆኑ ወይራ ለምን ይፈለጋል? ሦስት ገበያ አለው።

🔹 ማጠኛ፦ የወተት ዕቃ፣ የቅቤ ቅል፣ የጠላ ጋን ሁሉ በወይራ ይታጠናል። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ይታጠናል። ጢሱ ወተት ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል፤ ጣዕምና ሽታም ይሰጣል። በእኛ በምሥራቁ በኩል የግመል ወተት ገዢ እንኳ ጢሱን አሽትቶ ነው የሚገዛው። ለዚህ የሚሆነው በደንብ የደረቀ ቀጭን ፍልጥ ነው። መጤስ እንጂ መንደድ የለበትም።

🔹 የእጅ ሥራ፦ ወይራ ከባድና ጠንካራ ነው። መሀሉ ቡናማ ሆኖ ጠቆር ያለ መስመር አለው። ለመጥረቢያና ለዶማ ዛቢያ፣ ለከዘራ፣ ለዘነዘና ይሆናል። ቀጥ ያለ ግንድ ያገኘ አናጺ ለማገዶ አይሰጠውም።

🔹 ማገዶና ከሰል፦ እሳቱ ኃይለኛ ነው፣ ፍሙም ይቆያል። ግን ሒሳቡን እዩት። በተለመደው የአፈር ማክሰያ ከ100 ኪሎ ደረቅ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። አብዛኛው ጉልበት እዚያው ጢስ ሆኖ ይጠፋል። ወይራን ማክሰል ማለት ውዱን ዕቃ በርካሹ ገበያ መጨረስ ነው።

አሜሪካኖች ጥቁር ዋልነት የሚሉት ዛፍ አላቸው። ቀጥ ያለው ግንድ መጀመሪያ ለቤት ዕቃና ለጠመንጃ ሰደፍ ይለያል። ጠማማውና ቅርንጫፉ ነው ለማገዶ የሚቀረው። ሥጋ ለማጠንም ይጠቀሙበታል፤ ጢሱ መራራ ስለሆነ ግን ብዙዎቹ ከፖም እንጨት ጋር ይቀላቅሉታል። ሁሉም ቁራጭ የየራሱ ገዢና የየራሱ ዋጋ አለው።

እኛስ መለየት ተስኖን ነው? ያልታጠበ የሐረር ቡና በደረጃ ይሸጣል። አወዳይ ላይ ጫት በዓይነት በዓይነቱ ነው ዋጋ የሚወጣለት። ታዲያ ወይራ ላይ ስንደርስ ለምን በሸክም?

የሚከስረው መጀመሪያ ተሸክማ የመጣችው እናት ናት። ቀጥሎ እንደኔ ያለው ገዢ። ከዚያ ዛፉ ራሱ፤ ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነው፣ አንዴ ከሥሩ ከተነሳ የሚተካው ለልጅ ልጅ ነው። በኦሮምኛ ኤጀርሳ ይባላል። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1884 ዓ.ም. የተወለዱባት ኤጀርሳ ጎሮ ስሟ ራሱ ይህን ዛፍ ይዟል።

ምን ይደረግ?

✅ ለዩኒየኖች፦ ለማጠኛ ግንድ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ቅርንጫፍ ይበቃል፣ ዛፉም መልሶ ያቆጠቁጣል። አባሎቻችሁ መልምለው፣ አድርቀው፣ ፈልጠው፣ በኪሎ አስረው ያቅርቡ።

✅ ለነጋዴ፦ ሳታዩ አትክፈሉ። ቅጠሉ ካለ ገልብጡት፤ ላዩ አረንጓዴ፣ ሥሩ ግራጫማ ከሆነ ወይራ ነው። ቅጠል ከሌለው አንድ ፍልጥ ለኩሳችሁ ጢሱን አሽትቱ።

✅ ለሁላችንም፦ ያለ ፈቃድ እንጨት በመኪና አትጫኑ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 አለ፤ ጭነቱ ተወርሶ ከሚቀር ቀድሞ ወረዳውን መጠየቅ ይሻላል።

እናንተ ጋ የማጠኛ ወይራ እንዴት ነው የሚሸጠው? በእስር፣ በኪሎ ወይስ በሸክም? ዋጋውን ከነቦታው ጻፉልን፤ ከቡናው ጎን እናወጣዋለን።

መልካም ገበያ!