ጠጠር ጠቅጣቂው ማሽን፦ ሐዲድ እንዴት ይቃናል? የሚያቃናውስ ሰው እንዴት ይጠበቃል?

አትላንታ ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። በ1830ዎቹ መጨረሻ የዌስተርን ኤንድ አትላንቲክ ምድር ባቡር ማብቂያ እንዲሆን የተመረጠው ይህ ቦታ የመጀመሪያ መጠሪያው «ተርሚነስ» ነበር። ዛሬም የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በሚበዛበት ክላርክስተን የሲኤስኤክስ ሐዲድ መሃል ከተማውን ሰንጥቆ ያልፋል። መሻገሪያው ላይ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የጭነት ባቡሩ እስኪያልፍ ስትጠብቁ መንኮራኩሮቹን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። መንኮራኩር በመጣ ቁጥር ሐዲዱ ከነተሸካሚው ዝቅ ይላል፣ ሲያልፍ ደግሞ ቀና ይላል።

ይህ ጤናማ ነው። ችግሩ ከብዙ ሺህ ምልልስ በኋላ ወደ ነበረበት በትክክል አለመመለሱ ነው። ሐዲዱን የሚሸከሙት አግዳሚዎች (ስሊፐር እንበላቸው) የተቀመጡት በጠጠር ላይ ነው። ጠጠሩ ሹል ማዕዘን ያለው የተፈጨ ድንጋይ መሆን አለበት፤ የወንዝ ድቡልቡል ድንጋይ እርስ በርሱ ስለማይነካከስ አይሆንም። ጠጠሩ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል፣ ይሰባበራል፣ እዚህ ጋ ትንሽ እዚያ ጋ ብዙ ይሰምጣል። ይህን የሚያስተካክለው ማሽን ታምፐር ይባላል፤ በአማርኛ «ጠጠር ጠቅጣቂ» ብንለው ሥራውን በደንብ ይገልጸዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ማሽኑ ሐዲዱን በሮለር ጨብጦ ከነስሊፐሩ ወደሚፈለገው ከፍታ ያነሳዋል፤ ካስፈለገም ወደ ጎን ይገፋዋል። እንዲህ እንደያዘው ጣት የሚመስሉ የብረት ዘንጎች በስሊፐሩ ግራና ቀኝ ወደ ጠጠሩ ይጠልቃሉ። በአንድ ጊዜ አንድ ስሊፐር የሚጠቀጥቀው የተለመደ ማሽን 16 ጣቶች አሉት፣ ለእያንዳንዱ ሐዲድ ስምንት። ጣቶቹ በሰከንድ 35 ጊዜ ያህል እየተንቀጠቀጡ በሃይድሮሊክ ግፊት ይቀራረቡና ጠጠሩን ከስሊፐሩ ሥር ይጨምቁታል። መንቀጥቀጡ ለምን? ጤፍ በጣሳ ሲሰፈር ጣሳውን ነቅነቅ የምናደርገው ለዚያው ነው፤ እህሉ ቦታውን ያገኛል። ንዝረቱ ከመጠን በላይ ከፈጠነ ግን ጠጠሩ እንደ ፈሳሽ ይሆንና መጠቅጠቁ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1953 በኦስትሪያ የተመሠረተው ፕላሰር ኤንድ ቶይረር የተባለው ኩባንያ ስሙን ያስጠራው ይህን ሥራ ለሃይድሮሊክ በመስጠቱ ነው።

ለእኛ ለኮድ ጸሐፊዎች የሚጥመው ክፍል ግን ልኬቱ ነው። ማሽኑ «ሐዲዱ ጠማማ ነው» የሚለው ከምን አንጻር ነው? መሠረታዊው ዘዴ ከልጅ ደብተር አያልፍም፦ በሐዲዱ ላይ ሁለት ነጥብ ይዞ ክር ይወጠራል፣ ከዚያ መሃል ላይ ሐዲዱ ከክሩ ምን ያህል እንደራቀ ይለካል። በኩርባ ላይ ርቀቱ የክሩ ርዝመት በራሱ ተባዝቶ ለስምንት እጥፍ ራዲየስ ሲካፈል ይገኛል። ክሩ 20 ሜትር፣ ራዲየሱ 400 ሜትር ቢሆን 125 ሚሊ ሜትር ይመጣል። አሜሪካኖች ደግሞ 62 ጫማ ክር ይወዳሉ፤ በዚህ ርዝመት አንድ ኢንች ርቀት ከአንድ ዲግሪ ኩርባ ጋር እኩል ይሆንላቸዋል። የሚገርም ብልሃት ነው፤ ካልኩሌተር ባልነበረበት ዘመን ፎርማኑ በማስመሪያ ብቻ ኩርባውን ያነብ ነበር።

ግን ክሩ ፊልተር ነው፣ ፊልተር ደግሞ የማያየው ነገር አለ። የክሩ ርዝመት 10 ሜትር ቢሆን በየ10 ሜትሩ የሚደጋገም ጉብጠት እጥፍ ሆኖ ይታየዋል። በየ5 ሜትሩ የሚደጋገመውን ግን ጨርሶ አያየውም፣ ሦስቱም ነጥቦች እኩል ከፍታ ላይ ያርፋሉና። የተመዘገበው ውጤት ዜሮ ሆኖ ሐዲዱ ሞገደኛ ሊሆን ይችላል። በሲሙሌሽን ሞክሩት፣ በፓይተን ከ20 መስመር አይበልጥም።

ሌላም አለ። የክሩ የኋላ ጫፍ በተስተካከለው፣ የፊት ጫፍ ገና ባልተስተካከለው ሐዲድ ላይ ነው። የሥራው ነጥብ ከኋላ አንድ ሦስተኛ ላይ ቢሆን ፊት ያለው 30 ሚሊ ሜትር ስህተት 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይተላለፋል። ማለስለስ እንጂ ማረም አይደለም። ሐዲዱን በትክክል ወደ ንድፉ ለመመለስ የፊት ጫፉ ከንድፉ ምን ያህል እንደራቀ ቀድሞ ተለክቶ ለኮምፒውተሩ መሰጠት አለበት።

አሁን ወደ አደጋው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። 1 ኪሎ ሜትር የተበየደ ሐዲድ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል መርዘም ይፈልጋል፤ መሄጃ ስለሌለው ግን ፍላጎቱ ወደ ግፊት ይለወጣል። በሜትር 60 ኪሎ በሚመዝን ሐዲድ ግፊቱ ከ50 ቶን በላይ ነው። ይህን ወደ ጎን እንዳይፈነዳ የሚይዘው ጠጠሩ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ጠጠሩን አሁን ነቅንቆታል። ስለዚህ ከጥቅጠቃ በኋላ ባቡሮች ፍጥነት ቀንሰው እንዲያልፉ ይደረጋል፣ ወይም ጠጠሩን በንዝረት የሚያረጋ ሌላ ማሽን ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ከደጋ ወርዶ አዋሽንና ድሬዳዋን የሚያቋርጥ ስለሆነ የቆላው ፀሐይ እዚያ ተራ ጉዳይ አይደለም። መስመሩ በ25 ሺህ ቮልት ስለሚሠራ ሐዲዱን ከፍ ማድረግ ባቡሩን ወደ ሽቦው ማቅረብ መሆኑም መታሰብ አለበት።

ሁለተኛው አደጋ በጎረቤት መስመር የሚመጣው ባቡር ነው። ታምፐር ይጮኻል፤ አጠገቡ የቆመ ሰው ባቡር አይሰማም። ስለዚህ ጥበቃው በጆሮ ሳይሆን በሥርዓት ነው፦ ሠራተኞቹ ሐዲዱን ከተቆጣጣሪው «ይቆልፉታል»፣ ጨርሰው እስኪለቁት ባቡር አይገባም። ሎክ ማለት ነው፣ ልክ በኮድ እንደምናውቀው።

ሎክ ደግሞ በርክክብ ጊዜ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 3 ቀን 2016 ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ቼስተር አጠገብ ጠጠር በሚጸዳበት ቦታ የአምትራክ 89ኛ ባቡር በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ሐዲድ ላይ የነበረ መቆፈሪያ ማሽን መታ። ሁለት ሠራተኞች ሞቱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እንዳረጋገጠው ፈረቃ ሲቀየር የሌሊቱ ፎርማን ቁልፉን ለቀቀ፣ የቀኑ ፎርማን አዲስ አልወሰደም፣ ሐዲዱ ላይ ግን ማሽንና ሰው ነበሩ። ሁለቱን ሐዲዶች አገናኝቶ ሲግናሉ «ባቡር አለ» ብሎ እንዲያምን የሚያደርገው መሣሪያም አልተገጠመም፤ ፎርማኑ ጋ መሣሪያው አልነበረም። ይህ መሣሪያ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው፦ በስልክ የተባለውን ሳይሆን ሐዲዱ ላይ ያለውን ይናገራል።

በአሜሪካ የፌዴራል ባቡር ሕግ ሠራተኛው ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 15 ሰከንድ በፊት አደጋ የሌለበት ቦታ መድረስ አለበት። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ባቡር 15 ሰከንድ 500 ሜትር ነው። ዘንጎቹን ከጠጠር አውጥቶ፣ ወደ ላይ ሰብስቦ፣ ሰውን ሁሉ ለማራቅ የሚፈጀው ጊዜ በዚህ ላይ ይደመራል፤ 1 ደቂቃ ቢፈጅ ማስጠንቀቂያው ባቡሩ ገና 2.5 ኪሎ ሜትር ሲርቅ መድረስ አለበት ማለት ነው።