የበረሃ ጽጌረዳን በአዲስ አበባ ደጋ ማልማትና ከሚመሳሰሉት ዕፅዋት መለየት

የበረሃ ጽጌረዳ ግንዱ ውኃ የሚቋጥር፣ ደማቅ አበባ የሚያወጣ የቆላ ቁጥቋጦ ነው። ሳይንሳዊ መጠሪያው አዴኒየም ኦቤሰም ሲሆን ከእውነተኛው ጽጌረዳ ጋር የቤተሰብ ዝምድና የለውም። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ፔተር ፎርስኮል የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው። ፎርስኮል ተክሉን በየመን አግኝቶ ከገለጸ በኋላ በ1763 እ.ኤ.አ. እዚያው ሕይወቱ ያለፈ ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው በ1775 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና ተክሉ የየመን ብቻ አይደለም። በአገራችንም በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በደቡብ ኦሞ ቆላማ ስፍራዎች፣ ድንጋያማና ቁጥቋጦ በለበሰ መሬት ላይ በተፈጥሮ ይበቅላል።

አፍንጮ በር ግን ለዚህ ተክል ባዕድ አገር ነው። ሰፈሩ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ዝናቡ ቀን ከሌት አይቋረጥም። ስለሆነም በቆላ ያለማንም እንክብካቤ ለበርካታ ዓመታት የሚኖረው ተክል፣ በፒያሳና በአካባቢው ግቢዎች ውስጥ አንድ ክረምት ሳይሻገር ሊሞት ይችላል።

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በብርዱ ይሳበባል። ብርዱ በእርግጥ ይጎዳዋል፤ ይበልጥ የሚገድለው ግን ከብርድ ጋር የተደረበ እርጥበት ነው። ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲወርድ ተክሉ እድገቱን ይገታል፣ ቅጠሉንም ያረግፋል። በዚህ ጊዜ ሥሩ ውኃ መምጠጡን ስለሚያቆም ዙሪያውን የሚቀር ውኃ ሥሩን ያበሰብሳል፤ ብስባሴውም ወደ ግንዱ ይወጣል። ቅጠሉ ሲረግፍ የተጠማ መስሎት ውኃ የሚጨምርለት ሰው የተክሉን ሞት ያፋጥናል። ጤነኛ ግንድ በጣት ሲጫኑት ጠንካራ ነው። በደረቅ ወራት ትንሽ ቢለሰልስና ቢሸበሸብ ውኃ መፈለጉን ያመለክታል፤ በዝናብ ወራት ከሥር በኩል ለስልሶ ቀለሙ ከጠቆረ ግን በስብሷል ማለት ነው። ያን ጊዜ ተክሉን ከአፈሩ አውጥቶ የበሰበሰውን ክፍል በንጹሕ ቢላዋ እስከ ጤነኛው አካል ድረስ መቁረጥ፣ ቁስሉ እስኪደርቅም በጥላ ሥር ለተወሰኑ ቀናት ማቆየትና በደረቅ አፈር እንደገና መትከል ይገባል። ቢላዋውንና እጅን ከሥራው በኋላ በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ ከዚህ በታች ተገልጿል።

ከዚህ የተነሣ በደጋ ተክሉን በቀጥታ መሬት ላይ መትከል አይመከርም። ውኃ ይዞ የሚቆየው መረሬ አፈር ፈጽሞ አይስማማውም። የሚሻለው ከሥሩ ቀዳዳ ያለው የሸክላ መትከያ ነው። አፈሩም ከግማሽ በላይ ጠጠርና ሻካራ አሸዋ፣ ወይም ለብሎኬት መሥሪያ የሚውለው ፑሚስ ሆኖ፣ ቀሪው በደንብ የተብላላ ብስባሽ ቢሆን ውኃው አይተኛበትም። በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጣል፤ ውኃ የሚጠጣውም አፈሩ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ ነው። ሰኔ ሲገባ ጣራ ወዳለው በረንዳ ወይም ብርሃን ወደሚገባበት መስኮት አጠገብ ይዛወራል። ከቆርቆሮ ጣራ ጠርዝ ሥር ማስቀመጥ ግን ከሜዳ ዝናብ የከፋ ነው፤ የጣራው ውኃ ሁሉ እዚያው ላይ ይወርዳልና።

ተክሉ ከዘርም ከቅርንጫፍም ይባዛል። ቅርንጫፉ ሥር ቢያወጣም እንደ ዘሩ ያለ ድቡልቡል ግንድ እምብዛም አይሠራም። በዚህ ግንድ የተወደደ ተክል እንደመሆኑ ከዘር የበቀለውን መምረጥ ይሻላል።

ተክሉን ለይቶ ማወቅ ከውበት ጉዳይ ያልፋል። የበረሃ ጽጌረዳ ፈሳሽ የልብን አሠራር የሚያውክ መርዝ አለው፤ በአፍሪካ ልዩ ልዩ ስፍራዎች አዳኞች ለቀስት መርዝ ሲገለገሉበት ኖረዋል። ግንዱ ከታች ያበጠና ወደ ላይ የሚቀጥን ነው። ቅጠሎቹ በቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ ይሰበሰባሉ። አበባው መለከት የሚመስል፣ አምስት ቅጠሎች ያሉት፣ ከጠርዙ ሮዝ ወይም ቀይ ሆኖ ወደ መካከሉ የሚነጣ ነው። እሾህ የለውም። በየበረንዳው የሚታየው ዩፎርቢያ ሚሊ ግን በእሾህ የተሸፈነ ነው፤ ሲቆረጥም ዐይንንና ቆዳን የሚያቃጥል ነጭ ወተት ያወጣል፤ በዚህ ረገድ የአጥሩ ቅንጭብ የቅርብ ዘመዱ ነው። ይበልጥ የሚያሳስተው ኦሊያንደር ነው፤ ከበረሃ ጽጌረዳ ጋር የአንድ ቤተሰብ አባል ሲሆን እንደ እርሱ መርዛማ ነው። ኦሊያንደር ያበጠ ግንድ የለውም፤ ረጃጅምና ቀጫጭን ቅጠሎቹም ብዙውን ጊዜ ሦስት ሦስት ሆነው ከአንድ ቦታ ይወጣሉ። አበባ በሌለበት ጊዜ ፍሬው ጥርጣሬውን ይፈታል፤ የበረሃ ጽጌረዳ ዘር በሁለቱም ጫፎቹ የጸጉር ጉንጉን ሲኖረው የኦሊያንደር ዘር ግን በአንዱ ጫፍ ብቻ አለው።

ጥርጣሬ ሲኖር ቅጠልና አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል አጠፍጥፎ፣ የተገኘበትን ስፍራና ቀን ጽፎ፣ ከአፍንጮ በር ብዙም ወደማይርቀው አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም በመውሰድ ባለሙያ መጠየቅ ይቻላል።

ሕፃናትና የቤት እንስሳት ባሉበት ቤት ተክሉ እጅ በማይደርስበት ስፍራ መቀመጥ አለበት። ሰው ወይም ሕፃን ቢበላው ማስመለስ፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና የልብ ምት መዛባት ሊታይ ይችላል። በቤት ውስጥ ለማስታወክ መሞከር ወይም ወተት ማጠጣት ጊዜ ያባክናል። ታማሚውን ሳይዘገዩ በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል፤ ለአፍንጮ በር ነዋሪ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል ቅርብ ነው። የተበላውን ተክል ቅርንጫፍ ወይም ፎቶግራፍ አብሮ መያዝ ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ተክሉን ከበረሃ ነቅሎ ማምጣትም አይደገፍም፤ የተነቀለ አሮጌ ግንድ በደጋ የመጽደቅ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ቆላውም የዘር ምንጩን ያጣል። ችግኝ ወይም ዘር በሻንጣ ይዞ ወደ ውጭ አገር ለሚሄድ ወይም ለዘመድ ለሚልክ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የሕግ ነው። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት የጄኔቲክ ሀብትን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ስለሆነ፣ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩትን መጠየቅ፣ የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ የምስክር ወረቀትን በተመለከተም የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣንን ማነጋገር ያስፈልጋል።