ዋግ ሹም ጎበዜ በሦስት ሣጥን

ዋግ ሹም ጎበዜ ገብረ መድኅን በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. ዐድዋ አጠገብ በካሳ ምርጫ ጦር ድል ተነሡ። ስማቸውን የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ማዕረጉ የት እንዳበቃ፣ አባታቸው ማን እንደ ሆኑ ሳያስብ ይለያል። ይህንኑ ስም ለኮምፒውተር እንስጥና «ክፍት ቦታ ባገኘህ ቁጥር እየቆረጥህ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በሚሉ ሦስት ሣጥኖች አስገባ» እንበለው። ስማቸው ዋግ ይሆናል፣ አባታቸው ሹም፣ አያታቸው ጎበዜ። ገብረ መድኅን ሜዳ ላይ ይቀራል። ማሽኑ አልተሳሳተም፤ የታዘዘውን አድርጓል።

በባንክ፣ በኢንሹራንስና በጡረታ ሥርዓቶች ውስጥ እንዲህ ያለውን ቆረጣ ለዐሥርት ዓመታት ሲሠራ የኖረው አንስትሪንግ የሚባለው የኮቦል ትእዛዝ ነው። ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 የአሜሪካ መከላከያ መሥሪያ ቤት ባስተናገደው ስብሰባ የተጠነሰሰ የንግድ ፕሮግራም ቋንቋ ነው። ግሬስ ሆፐር ቀደም ብለው የሠሩት ፍሎውማቲክ ዋና መነሻው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ አንድ ዓይነት የኮቦል ፕሮግራም በሁለት ተፎካካሪ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ፣ በአርሲኤ 501ና በዩኒቫክ 2፣ ሠራ። በዚያ ዘመን ማሽን በተለወጠ ቁጥር ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጻፍ የተለመደ ስለ ነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቋንቋው አርጅቶም አልተጣለም። በኮሮና ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ የያኔው ገዥ ፊል መርፊ የሥራ አጦች ክፍያ ሥርዓት በማመልከቻ ሲጨናነቅ ኮቦል የሚችሉ በጎ ፈቃደኞችን በአደባባይ ጠይቀዋል።

ትእዛዙን በምሳሌ እንየው። በዋግ ኽምራ የሰሃላ ሰየምት ወረዳ የክፍያ መዝገብ አለ እንበል፤ መስመሩን የፈጠርኩት ለማሳያ ነው፦

ወልደ ገብርኤል ተሰማ|ሰሃላ ሰየምት|03|450.75

ቋሚዋ ሰረዝ መለያ ናት፤ 03 ቀበሌው፣ 450.75 ደግሞ የክፍያው ብር ነው። ለአንስትሪንግ ሦስት ነገር ይነገረዋል፦ የሚቆረጠው ጽሑፍ፣ መለያው፣ ቁራጮቹን የሚቀበሉት ሣጥኖች። ከግራ ጀምሮ እያነበበ መለያውን ሲያገኝ ያነበበውን ወደ ተረኛው ሣጥን ይገለብጣል፤ መለያዋን ራሷን ይጥላታል። ሁለት መለያ ተከታትሎ ከመጣ በመካከል ያለው ሣጥን ባዶ ይሆናል። ይህ ትክክል ነው፤ ቀበሌው ያልተሞላለት ሰው ቀበሌው ባዶ መሆን አለበት። «ኦል» የሚል ቃል ከተጨመረ ግን የተደጋገሙት መለያዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ያኔ ያልተሞላው ቀበሌ ይዘለልና 450.75 ቀበሌ ሆኖ ይመዘገባል። «ኦል» በክፍት ቦታ ለተነጣጠለ ጽሑፍ ይጠቅማል፤ በሰረዝ ለተለየ መዝገብ መርዝ ነው።

ከየት ማንበብ እንደሚጀምር የሚነግረው «ፖይንተር» የሚባል ቁጥር አለ። ፕሮግራመሩ አስቀድሞ 1 ካላደረገውና 0 ሆኖ ከተገኘ ትእዛዙ አንዲት ፊደል ሳያንቀሳቅስ ያቆማል። ይህ «ኦቨርፍሎው» ይባላል፤ ሣጥኖቹ ሞልተው ጽሑፉ ሲተርፍም እንዲሁ። ችግሩ «ኦቨርፍሎው ቢደርስ ይህን አድርግ» የሚለውን ሐረግ መጻፍ በፕሮግራመሩ ፈቃድ የተተወ መሆኑ ነው። ካልጻፈው ፕሮግራሙ ምንም እንዳልሆነ ወደ ቀጣዩ መስመር ያልፋል። ብዙዎች አይጽፉትም፤ በእኔ አስተያየት ግን ያለዚህ ሐረግ የተጻፈ አንስትሪንግ ገና ያላለቀ ሥራ ነው።

የእኛ ፊደል ሲገባ ሌላ ጣጣ ይከተላል። «ፒክ ኤክስ 30» ብሎ የተከፈተ ሣጥን ለእንግሊዝኛ 30 ፊደል ይይዛል፤ ቁጥሩ ግን የባይት ነው። ዛሬ በብዛት በሚሠራበት፣ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል አመዛገብ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ሣጥኑ የሚበቃው ለዐሥር ፊደል ነው። «ወልደ ገብርኤል ተሰማ» ዐሥራ አንድ ፊደልና ሁለት ክፍት ቦታ፣ በድምሩ 35 ባይት ነው። ሠላሳኛው ባይት ላይ ሲቆረጥ «ወልደ ገብርኤል ተ» ካለ በኋላ የ«ሰ» አንድ ሦስተኛ ብቻ ይቀራል፤ እርሷም ስክሪን ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ሆና ትታያለች። ከሁሉ የሚከፋው ይህ መቆረጥ ኦቨርፍሎው አለመሆኑ ነው። ትእዛዙ ለእያንዳንዱ ሣጥን የራሱን ድርሻ ስለ ሰጠ ሥራውን እንደ ጨረሰ ይቆጥራል። ማወቂያው «ካውንት ኢን» የሚባለው ተጨማሪ ነው፤ ከመለያው በፊት ስንት ባይት እንደ ነበረ ይቆጥርልናል። የተቆጠረው ከሣጥኑ ከበለጠ ስሙ ተጎምዷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. የ2002ቱ የኮቦል ደረጃ ባይትን ሳይሆን ፊደልን የሚቆጥር «ናሽናል» የሚባል የሣጥን ዓይነት አምጥቷል፤ ነባሩ መዝገብ ሁሉ ግን በአሮጌው ልክ የተሰፋ ነው።

የክፍያው 450.75ም የራሱ ጣጣ አለው። አንስትሪንግ የሚያወጣው ቁራጭ ጽሑፍ ነው፤ ነጥቧን የሳንቲም ድንበር አድርጎ አያያትም። በቀጥታ ወደ ቁጥር ሣጥን ከተላከ ሒሳቡ ይዛባል። መጀመሪያ በጽሑፍ ሣጥን ተቀብሎ «ነምቫል» በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 በተጨመረው ፈንክሽን ወደ ቁጥር መለወጥ ይገባል።

እስካሁን ያየነው ሁሉ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የጻፍነውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ያለ ቅሬታ የሚያሳልፈውና ዝም ብሎ የሚበላሽ ነው። ኮምፓይለሩ የሚጮህባቸው ስሕተቶች ጀማሪን ቢያስደነግጡም ገራም ናቸው፤ ማንንም ሳይጎዱ እዚያው ያስቆማሉ። ብዙዎቹ የሚመነጩት ከኮቦል ሁለት ጠባይ ነው።

አንደኛው ነጥቡ ነው። ዓረፍተ ነገር በነጥብ ይዘጋል። አንዲት ነጥብ ሳትጻፍ ከቀረች ኮምፓይለሩ ቀጣዩን መስመር የፊተኛው ተቀጥያ አድርጎ ያነባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው ሁሉ ስለማይገጥምለት ሠላሳና አርባ ስሕተት ይዘረዝራል። ዘዴው የመጀመሪያውን ብቻ አርሞ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተቀሩት አብረው ይጠፋሉ። ስሕተት አለበት የተባለው መስመር ደኅና ከመሰለ ከበላዩ ያለውን መመልከት ነው። የተረሳች ነጥብ ትጮሃለች፤ የተረፈች ነጥብ ግን ተንኮለኛ ናት። «ኢፍ» በሚለው የሁኔታ ትእዛዝ መካከል ከገባች ሁኔታውን እዚያው ትዘጋዋለችና ከእርሷ በታች ያለው ትእዛዝ ሁኔታው ተሟላም አልተሟላ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. የ1985ቱ ደረጃ «ኤንድ ኢፍ»ና «ኤንድ አንስትሪንግ» የመሳሰሉ መዝጊያዎችን ያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ቦታ ነው። ፕሮግራም በካርድ ላይ በሚበሳበት ዘመን ካርዱ 80 ዓምድ ነበረው፤ ኮቦልም ድንበሩን በዚያ ልክ አሰመረ። ከ1 እስከ 6 የመስመር ቁጥር፣ 7ኛው የማስታወሻ ኮከብ፣ ከ8 እስከ 11 የርእሶች መነሻ፣ ከ12 እስከ 72 የትእዛዝ ቦታ ነው። ከ72 ያለፈው አይነበብም። የሣጥን ስም 72ኛው ዓምድ ላይ ለሁለት ቢከፈል ኮምፓይለሩ «ይህ ስም አልተገለጸም» ይላል፤ ፕሮግራመሩ ደግሞ ስሙን ወለል ብሎ ያየዋል። ፊደላችን እዚህም ያሳስታል። ባይት የሚቆጥር ኮምፓይለር ዘንድ ሃያ የግዕዝ ፊደል ያለው ጽሑፍ ከነጥቅሱ 62 ባይት ሲሆን የትእዛዙ ቦታ ግን 61 ነው። መዝጊያው ጥቅስ ከድንበር ውጭ ይወድቅና ጥቅስ አልተዘጋም የሚል ስሕተት ይመጣል፤ ዓይን ግን የሚያየው ከገጹ ግማሽ እንኳ ያልደረሰ አጭር መስመር ነው። ግኑኮቦል የሚባለው ነጻ ኮምፓይለር «ፍሪ» የሚል አማራጭ ሲሰጡት ይህን የካርድ ዘመን ድንበር ይተወዋል።

የተቀሩት ጥቃቅን ናቸው። ለቆጠራ ያዘጋጁትን ሣጥን «ካውንት» ብሎ መሰየም አይቻልም፤ ቃሉ የቋንቋው የራሱ ነው። «ካውንት ኢን» መለያ ሳይነገር መጻፍም አይፈቀድም፤ መለያ ከሌለ እስከ ምን ድረስ ይቆጠራል? መቀነስ ሲፈለግ ከጭረቷ በፊትና በኋላ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ረጅም ስም ይሆናሉ።

ስሞቹን በክፍት ቦታ የመቁረጡ ነገር ግን ኮምፓይለር የማይደርስበት ነው፤ ኮቦል ባልነካው ኤክሴል ውስጥም ጽሑፍን ወደ ዓምዶች ሲከፍሉ ያው ይደርሳል። ገብረ፣ ወልደ፣ ተክለ፣ ወለተ፣ ኃይለ የሚሉትን በዝርዝር ይዞ ከቀጣዩ ቃል ጋር የሚያጋጥም ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል፤ ኃይለ ብቻውን ስም የሆነለት ሰው ግን ከአባቱ ጋር ይሰፋል። ችግሩ የሰው ስም ብቻ አይደለም፤ ሰሃላ ሰየምትም ሆነ ሰቆጣ ዙሪያ በሁለት ቃል የሚጻፉ የወረዳ ስሞች ናቸው። መፍትሔው ከቅጹ መጀመር ነው፤ ስም፣ አባትና አያት በየራሳቸው ቦታ ይሞሉ፣ በፋይሉም ውስጥ ሰው ስሙን ሲጽፍ በማይጠቀምባት ምልክት ይለያዩ። የቀደሙት ጸሐፍት በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ ያኖሩ ነበር፤ ያም ቢሆን ቃልን ከቃል እንጂ ስምን ከስም አይለይም፤ በገብረና በመድኅን መካከልም ይገባልና።

ቆየት ያለ ፋይል የያዘ ሰው ደግሞ ከመቁረጡ በፊት ፊደሉን ይመርምር። ግዕዝ ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ቦታ ተውሰው ነበር የሚሠሩት፤ ከአንዳንድ የቆዩ የነጋሪት ጋዜጣ ፒዲኤፎች «የኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል ቢገለብጡ በ«ኢ» ቦታ ቃለ አጋኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ውስጥ መለያ የመሰለው ምልክት የፊደል አካል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ይለወጣል፤ አንስትሪንግ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።