የኦንላይን ፈተና ምን ይለካል?

በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና በኮምፒዩተር ቢሰጥም ተፈታኙ በጣቢያ ተገኝቶ፣ ፈታኝ እያየው ነው። ቦሌ ወይም ሰሚት ቤታችን ሆነን የኦንላይን ኮርስ ስንፈተን ግን ይህ የለም። ለሁላችንም አንድ ዓይነት የምርጫ ጥያቄ ከመጣ መልሱ በቴሌግራም ይዞራል፤ ለፍቶ ያጠናው ይጎዳል።

ካሜራ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ኔትወርክ ሲቆረጥ ንጹሑም ይጠረጠራል። ሂፍዝ ስናሰማ ኡስታዛችን ከመሃል አንድ አያ አንስቶ «ቀጥል» ይለናል፤ ያልያዘ ወዲያው ይታወቃል። ለኮርሶቻችንም ይሠራል፦ ሙድል ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁጥሩ የተለያየ ስሌት ማውጣት ይችላል፤ ከዚያ መምህሩ አምስት ደቂቃ በቃል «ለምን እንዲህ ሠራህ?» ብሎ ይጠይቅ። መብራት ለጠፋበት ሁለተኛ ቀጠሮ ይያዝለት። ይህን ለየዲፓርትመንታችን በጽሑፍ እናቅርብ።