ፈረሱ ከፍታውን አይሸከምም

ስለ ቲቤት ብዙ ሰው የሚያውቀው ነገር ከቲቤት የመጣ አይደለም። እንግሊዛዊው ደራሲ ጄምስ ሂልተን እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ልብ ወለድ ሻንግሪላ የሚባል፣ በተራሮች መካከል የተሸሸገ፣ ሰው ቶሎ የማያረጅበት የገዳም ሸለቆ ፈጠረ። በ2001 ደግሞ የቻይና መንግሥት በዩናን ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የጆንግዲያን ወረዳ ስሙን ለውጦ ሻንግሪላ አለው፤ ልብ ወለዱ ካርታ ላይ ሰፈረ፣ ቱሪስቱም ተከትሎ ገባ። ዛሬ አምስት ስድስት ሰው ይዘው በፈረስ ወደ ሩቅ ገዳማት የሚወስዱ አስጎብኚዎች የሚሸጡትም ከዚያው ምንጭ የተቀዳ ነው፦ መንገድ የሌለበት አገር፣ ዘመን ያልነካው ገዳም፣ በኮርቻ ብቻ የሚደረስበት ሥፍራ። ከዚህ ሁሉ ሥር አንድ እምነት አለ፤ ፈረስ ተጓዡን ከአስፋልት፣ ከቢሮ ወረቀትና ከራሱ ሳንባ ነፃ ያወጣዋል የሚል። ነገሩ ሲመረመር ግን በፈረስ የሚሄድ ሰው መኪና ከያዘው ይልቅ ለአየሩ፣ ለባለአገሩና ለሕጉ የበለጠ የተገዛ ሆኖ ይገኛል።

ከአየሩ እንጀምር፤ ሕይወት የሚቀጥፈው እሱ ነውና። «የሚደክመው ፈረሱ ነው፣ እኔ ቁጭ ብያለሁ፤ ከፍታው ምን ያደርገኛል?» የሚል ሰው ድካምንና የከፍታ ሕመምን አምታቷል። ተራራ ላይም ቢሆን በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ የሚወርደው የአየሩ ግፊት ነው። በሲችዋን ያለችው የሊታንግ ከተማ በምትገኝበት 4,000 ሜትር ገደማ ላይ ግፊቱ ከባሕር ወለሉ 60 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት እንጂ በጉልበት ስላልሆነ ስፖርተኛነት ከሕመሙ አያድንም። ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እንዲታረፍ ይመክራሉ። እርግጥ ነው፣ ብዙ መልፋት ሕመሙን ስለሚጋብዝ መቀመጡ ጥቂት ይረዳል የሚል ሰው ፈጽሞ አልተሳሳተም። ሆኖም እግረኛን ትንፋሹ ያቆመዋል፤ ፈረሰኛ ግን ሰውነቱ እሺ ከሚለው በላይ ሳይታወቀው ይወጣል። የባሰው ደግሞ ኮርቻ ምልክቱን መሸፈኑ ነው። በከፍታ ምክንያት አንጎል ማበጥ ሲጀምር ከሚታዩት ዋና ምልክቶች አንዱ መንገዳገድ ነው፤ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሲንገዳገድ አይታይም። ስለዚህ የቡድኑ መሪ ማታ ማታ ሁሉንም አስወርዶ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት ጫፍ እያስገጠመ በቀጥታ መስመር ቢያስኬዳቸው ያዋጣዋል። ቀጥ ብሎ መሄድ ያቃተው ሰው ሳይውል ሳያድር መውረድ አለበት። ችግሩ የቲቤት አምባ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተጉዞም ዝቅ ያለ ቦታ ላይገኝ ይችላል።

እዚህ ላይ አንባቢያችን «እኛማ ደገኞች ነን» ማለቱ አይቀርም። ለዚህ ኩራት ሳይንሱም ስንቅ ሰጥቶታል። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌትም በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው እምብዛም አለመለየቱን አሳይተዋል። የቲቤታውያን መንገድ ሌላ ነው፤ እነሱን ከረዷቸው ዘረ መሎች አንዱ ዴኒሶቫውያን ከሚባሉ፣ ከጠፉ የጥንት ሰዎች የተወረሰ መሆኑ በ2014 ተዘግቧል። ግን የሰሜን ተራሮቹ ጥናት የሚናገረው እዚያው ተወልደው ስላደጉ ሰዎች ነው፤ ከቤቱ ተነሥቶ በአንድ ጀምበር ሌላ ተራራ ላይ ስለሚወጣ እንግዳ አይደለም። የአዲስ አበባ ሰው 2,355 ሜትር ላይ መኖሩ ከቆላ ለሚነሣ መንገደኛ የሌለ እፎይታ ይሰጠዋል፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የከረመ ዘመዱ ግን ያችኑ ልምድ በሳምንታት ውስጥ ይጥላታል። በ2013 በሲችዋን የተከፈተው የዳውቼንግ ያዲንግ አውሮፕላን ማረፊያ 4,411 ሜትር ላይ ነው፤ ራስ ዳሸን 4,550 ነው። በዚያ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያርፍ መንገደኛ ፈረስ ከማየቱ በፊት ሕመሙን ይዞ ሊወርድ ይችላል።

ወደ ባለአገሩ ስንመጣ፣ አገሩ ባዶ ነው የሚለው ግምት ከሁሉ ቶሎ የሚፈርስ ነው። ሣሩ ባለቤት አለው። ግጦሹ ለየቤተሰቡና ለየመንደሩ የተደለደለ ነው፣ በብዙ ቦታም በሽቦ ታጥሯል፤ ለመኪና ነዳጅ የሚገዛ ሰው ማንንም ላይጠይቅ ይችላል፣ ስድስት ፈረስና አጋሰስ የሚያሳድር ግን የሣሩን ባለቤት ማነጋገር ግድ ይለዋል። ያክ የሚያግደው ወጣት ደግሞ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ በሞተር ብስክሌት ነው የሚሄደው፤ ፈረሱ ለግልቢያ ውድድር፣ ለክብርና መንኮራኩር ለማይወጣው ገደል የተቀመጠ ሀብት ነው። ከግንቦት እስከ ሰኔ ቤተሰቡ በአባጨጓሬ ገላ ላይ የሚበቅለውንና ለመድኃኒት በውድ የሚሸጠውን ያርጻ ጉንቡ የተባለ ፈንገስ ለመልቀም ተራራ ላይ ይሰፍራል፤ ያን ጊዜ ፈረስም መሪም በቀላሉ አይገኝም። ፈረሶቹም የብርዱን ወራት በደረቅ ሣር ስለሚያሳልፉ በጸደይ ወራት ጎድናቸው ይቆጠራል። ኮርቻው ከእንጨት ተሠርቶ ምንጣፍ የሚለብስ ነው፣ እርካቡም አጭር፤ ረጅም እግር ያለው እንግዳ በማግሥቱ ጉልበቱን ይዞ ማቃሰቱ አይቀርም። ሽፍታ የሚፈራ ካለ፣ ይልቅ የሚያሰጋው የዘላኖች ድንኳን ውሻ ነው። ባለቤቱ ወጥቶ እስኪይዘው ድረስ ከፈረስ አይወረድም።

ቻይናና ቲቤት ይነግዱበት በነበረው በጥንቱ የሻይና የፈረስ መንገድ ሻዩን የተሸከመው ፈረስ ነው መባሉም እንዲሁ መታረም አለበት። ከያአን እስከ ዳርጼዶ (ካንግዲንግ) ባለው ዳገት ሻዩን በብዛት የተሸከመው ሰው ነው፤ በጀርባው። ቻይናውያን ፈረሱን የፈለጉት ለጦር ሠራዊታቸው ስለነበር በዚያ ንግድ ፈረስ የሻዩ ዋጋ ነበር።

ገዳማቱን ዘመን አልነካቸውም ማለት ደግሞ ከስሕተትም አልፎ በደል ነው። ሦስተኛው ዳላይ ላማ በ1580 የመሠረቱት የሊታንግ ገዳም በ1956 በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድቧል፤ ሌሎች ብዙዎችም እስከ ቻይናው የባህል አብዮት ማብቂያ ድረስ ፈርሰዋል። ዛሬ «ጥንታዊ» ተብሎ የሚጎበኘው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1980 ወዲህ ምእመናን በገንዘባቸውና በጉልበታቸው መልሰው ያቆሙት ነው። በሲችዋኗ ዴርጌ ያለው፣ በ1729 የተመሠረተው ማተሚያ ቤት ከ200 ሺህ በላይ የተቀረጹ የእንጨት ሰሌዳዎች አሉት። ሠራተኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሰሌዳውን ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ወረቀቱ ላይ መዳመጫ ያንከባልላል፣ ገጹ ተላጦ ይነሣል፣ ወዲያው ሌላው ይተካል። ይህ የተኛ ሙዚየም ሳይሆን ሥራ የበዛበት ቤት ነው። ፈረሰኛውም ገዳም ሲደርስ፣ በእኛም አገር የጥንት መንገደኛ ቤተ ክርስቲያን ሲያይ ከበቅሎው እንደሚወርድ፣ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ጸሎት የተቀረጸባቸውን የማኒ ድንጋዮች በቀኝ አድርጎ ያልፋል፤ የቦን እምነት ተከታዮች ጋ ግን ዙሪያው በግራ ነው።

«ቡድኑ ትንሽ ስለሆነ ማንም አይከለክለንም፣ ጉዳትም አናደርስም» የሚለው ክርክር ግማሹ እውነት ነው። ስድስት ሰው ከአርባ ሰው ያነሰ ሣር ያስግጣል፣ ገንዘቡም ለፈረሱ ባለቤት በቀጥታ ሊደርስ ይችላል። ሕጉ ግን ሰው አይቆጥርም። ወደ ቲቤት ራስ ገዝ ክልል የሚገባ የውጭ ዜጋ ብቻውንም ቢሆን ልዩ ፈቃድና አስጎብኚ ድርጅት ያስፈልገዋል፤ ክልሉ ብዙ ጊዜ በየካቲትና መጋቢት ለእንግዳ ይዘጋል። ከቲቤታውያን ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ከዚህ ክልል ውጭ፣ በሲችዋን፣ በቺንግሃይ፣ በጋንሱና በዩናን ነው፤ የፈረስ ጉዞም በአመዛኙ ወደዚያ የሚያዘነብለው ፈቃዱ ስለሚቀል ነው። እዚያም ቢሆን የሚዘጋ አይጠፋም፤ በ1980 የተቆረቆረውና በሺህ የሚቆጠሩ መነኮሳት የሚማሩበት «ላሩንግ ጋር» የተባለው ሥፍራ ከ2016 ጀምሮ ለውጭ ሰው ተዘግቷል።

ታዲያ ፈረስ ለምን ያስፈልጋል? ዝግ ስለሚል። ከቼንግዱ፣ ከ500 ሜትር፣ በመኪና ተነሥቶ በዳርጼዶ 2,500 ሜትር ላይ፣ ከዚያም በላጋንግ 3,700 ሜትር ላይ ጥቂት ሌሊት ያደረ ሰው ከዚያ በኋላ በእርምጃ በሚሄድ ፈረስ ቢቀጥል አካሉ ከመንገዱ ጋር አብሮ ይደርሳል። መስከረም ለዚህ ይመቻል፤ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ፈረሶቹ የክረምቱን ሣር ጠግበዋል፣ ያርጻ ጉንቡ ለቃሚውም ወደ ቤቱ ተመልሷል። አስጎብኚው በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ኮርቻ ላይ ከመወጣቱ በፊት የትና ስንት ሌሊት እንደሚታደር፣ አንድ ሰው ቢታመም ደግሞ በስንት ሰዓት የመኪና መንገድ ላይ እንደሚደረስ ነው።